የሁለተኛው ሞተር መርፌ

በደርግ ጊዜ መቱ ከተማ የመብራት ሞተር ቤት ተቀጥሬ ስገባ፣ ልቤን የሰረቀው የመለኪያ ጌጆቹ ሰሌዳ ነበር። ሁለቱ የናፍጣ ሞተሮች አዳራሹ ውስጥ ሲያጓሩ፣ እኔ ከመስታወት ወዲህ ተቀምጬ የሆዳቸውን ሙቀት አውቃለሁ። ያውም ሳልነካቸው! ከእያንዳንዱ ጌጅ ሥር ትንሽ የቆርቆሮ ታርጋ ተሰቅሏል፤ "አንድ ውሃ"፣ "ሁለት ውሃ"፣ "አንድ ዘይት" እያለ ይቀጥላል። ሥራዬ በየሰዓቱ መርፌው ያረፈበትን ቁጥር በታርጋው ስም መመዝገብ ነበር። ባልደረቦቼ "አፍጥጠሽ ትውያለሽ፣ ሲኒማ ነው እንዴ?" ይሉኛል። ለእኔ ከሲኒማም በላይ ነበር። የሁለተኛው ሞተር የውሃ መርፌ ደግሞ ሁልጊዜ ትንቀጠቀጣለች፤ ብርድ የያዛት ነበር የምትመስለኝ።

ለአብዮት በዓል ሁሉም ነገር ቀይ ይቀባ ተባለ። አጥሩ ተቀባ፣ በሩ ተቀባ፣ ቀለም ሲተርፍ ሰሌዳውም ተቀባ። ቀቢዎቹ ታርጋዎቹን ነቅለው ጣሳ ውስጥ ከተቱ፤ ቀለሙ ሲደርቅ መልሰው ሰቀሉ። ሁለቱም ሞተሮች እኩል ይሠሩ ስለነበር ቁጥራቸውም ተቀራራቢ ነው፤ ማናችንም ልብ አላልንም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ የእህቴ ባል እያለከለከ መጣ። እህቴ ምጡ ጠንቶባት ሆስፒታል ገብታለች፤ በኦፕራሲዮን ልትወልድ ነው። "መብራቱን አደራ!" ብሎኝ ተመልሶ ሮጠ፣ መብራት ከኪሴ የማወጣ ይመስል።

ብዙም ሳይቆይ "አንድ ውሃ" የሚል ታርጋ ያለው መርፌ ሽቅብ ይወጣ ጀመር። መዝግቤ ጮህኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በናፍጣ ሽታ የኖሩት የፈረቃ ኃላፊያችን ብቅ አሉ።

"አንደኛውን ላጥፋው። ሁለተኛው ለሆስፒታሉ ይበቃል" አሉና ወደ ማጥፊያው ሄዱ።

እኔ ግን ዓይኔን ከመርፌዋ አልነቀልኩም። እየወጣችም ትንቀጠቀጣለች።

"ጋሼ፣ ይቆዩ! ይቺ የሁለተኛው ናት!"

"ታርጋው አንድ ይላል እኮ፣ ልጄ!"

"ታርጋው ይዋሻል። እባክዎ ቧንቧውን ይንኩት!"

ደህናው ሞተር ቢጠፋ ሸክሙ ሁሉ በጋለው ላይ ይወድቃል፤ እሱም ደርቆ ይቆማል፣ እህቴም ቢላዋ ሥር ሆና ይጨልምባታል። በመስታወቱ አሻግሬ አየኋቸው። የአንደኛውን ቧንቧ ሲነኩ እጃቸው እዚያው ቆየ። የሁለተኛውን ሲነኩ "ያ ዋቃ!" ብለው አምላካቸውን እየጠሩ እጃቸውን ባንዴ ሰበሰቡ። የከተማውን መስመር ቆረጡ፣ ሁለተኛውን ሞተር አጠፉ፣ አንደኛውን ለሆስፒታሉ ብቻ ተዉት። አምፖላችን ደብዘዝ አለና መልሶ በራ።

ወረቀቴን አየሁት። የጻፍኩት ቁጥር ልክ ነው፤ የተጻፈበት ስም ግን የሌላ ሞተር። እስከ ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል። የሰው ነፍስ በዚያች ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

ተቀያሪዬ ሲመጣ ወደ ሆስፒታሉ በረርኩ። እህቴ ተኝታለች፤ ገና ከመደንዘዣው አልነቃችም። አጠገቧ የተጠቀለለች ሴት ልጅ አለች፣ በእጇ አንጓ ላይ የእናቷ ስም የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፏል። አነበብኩት። ማንበቡ ግን አልበቃኝም፤ መዳፌን የሕፃኗ ግንባር ላይ አሳረፍኩ። ሞቅ ብላለች። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ወደ አምፖሉ አየች። እኔም አብሬያት ወደ ላይ አንጋጥጬ አለቀስኩ።