በአንድ ሰንሰለት ያነበብነው መጽሐፍ

የታሰርሁት መስከረም ጠብቶ የእንጦጦ ጭቃ ገና ሳይደርቅ ነው። ሁለት ወታደሮች ከቤቴ ጠርተው አወጡኝና «ሹሙ ይፈልጉሃል» አሉኝ። ሹሙን ግን አላየኋቸውም። ከግቢያቸው ጓሮ ወዳለች አንዲት የሣር ጎጆ ወሰዱኝ። በሯ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። መደቡ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ጥሬ ይቆረጥማል። ቀና ብሎ አየኝና ግራ እጁን ዘረጋ። ሰላምታ መስሎኝ እኔም ቀኜን ዘረጋሁ፤ ከኋላዬ ብረት ይዞ የመጣው ሰው የኔን ቀኝ ከሱ ግራ ጋር አቆራኘው። የተዋወቅነው እንዲህ ነው።

የዛሬ ልጆች ቁራኛን በወሬ ብቻ ነው የሚያውቁት። በኛ ጊዜ እስረኛ የሚታሰረው ከግንብ ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር ነበር። ጠባቂህ ሲተኛ ትተኛለህ፣ ሲነሣ ትነሣለህ፣ ሜዳ ሲወጣም አብረህ ትወጣለህ። ጠባቂና ተጠባቂ የሚለየው ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ሲታይ ነው፤ የኛ ቁልፍ ደግሞ በሹሙ እጅ ነበር።

ጥፋቴ ፈረንሳይኛ ማወቄ ነው። በልጅነቴ ምጥዋ ወርጄ ከሚሲዮኖች ዘንድ ቋንቋ ተምሬ፣ እንጦጦ ላይ ለአንድ ፈረንጅ ነጋዴ በአስተርጓሚነት አደርሁ። ሰውዬው ከትልልቆቹ ጋር ተጣልቶ ድንገት ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ነገር አመላላሾች «የግቢውን ምስጢር ያቀብለው የነበረው እሱ ነው» አሉ። ለማስረጃ የቀረቡብኝ ነጋዴው ትቶልኝ የሄደ ሁለት መጻሕፍት ናቸው። በአገራቸው ከታተሙ ብዙም ያልቆዩ፣ ዛሬ ልብ ወለድ የምንላቸው ዓይነት ነበሩ። ፈረንሳይኛ የሚያውቁት ሌሎች ሰዎች ከጦሩ ጋር ዘምተው ስለነበር የሚመረምራቸው ጠፋ። ሹሙ ጠርተው «የሰላይ ጽሕፈት ሆኖ ከተገኘ አምባ ትወጣለህ» አሉኝ። ለእስራት አምባ ወጥቶ የተመለሰ ሰው እኔ አላውቅም። መጻሕፍቱን ግን እንዳነብ ፈቀዱልኝ፤ ቅጠል እንዳይጎድል እንዲጠብቅ ቁራኛዬን አዘዙት።

ቁራኛዬ የየካ ሰው ነው። ሲዘምቱ ይዘምታል፣ ሲመለሱ ያርሳል። አማርኛውም ኦሮምኛውም እኩል ይቀናዋል። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ እለው ነበር። ሚስቱ ጭኮ በቅል ይዛ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ ትመጣለች። ከሱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከኔ ጋር በአማርኛ ተጫውታ፣ ጭኮውን ለሁለት እኩል ትከፍልና ትወርዳለች። እኔ ዘመዶቼ ሩቅ ስለነበሩ በነዚያ ወራት ከረሃብ ያተረፈችኝ እሷ ናት።

ማንበብ ስጀምር ችግሩ ታወቀ። ቅጠል የሚገለጠው በቀኝ እጅ ነው፤ እኔ በገለጥሁ ቁጥር የሱ ግራ እጅ እየተጎተተ ይመጣል። ጥቂት ታገሠኝ።

«አንተ ሰው፣ እጄን እንዲህ የምታመላልሰው ለምን ጉዳይ ነው? ከደከመ አይቀር የሚለውን እንስማ እንጂ» አለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ አነባለሁ፣ ለሱ በአማርኛ እነግረዋለሁ፣ ሲገባው እጁን ራሱ አንሥቶ «ግለጥ» ይለኛል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ፀሐይ ስለቀዘቀዘችበት ዘመን የሚናገር ነው። ሰዎች ከምድር በታች ከተማ ቆፍረው ይገባሉ። መብራታቸው እሳት የለውም፣ ሠረገላቸው ፈረስ የለውም። ይደነቃል ብዬ ፊት ፊቱን አየሁ።

«የቱ ላይ ነው አዲሱ?» አለ። «እኛ ዘንድ ዋሻ ሚካኤልን ከአለት ፈልፍለው ያወጡት እነማን ሆኑና ነው? ይሁን። ከብቶቹስ?»

«የምን ከብት?»

«ፀሐይ ከቀዘቀዘች ሣር የለም። ከብቶቹን ምን አበሏቸው?»

ወደ ኋላ ገለጥሁ፣ ወደ ፊት ገለጥሁ፤ እጁ አብሮኝ ሄደ፣ አብሮኝ መጣ። አንድ ላም የለችበትም። «ይህ ሰው ከተማ ቆፈረ እንጂ አገር አላቀናም» ብሎ መጽሐፉን ናቀው። እኔ ግን ወድጄው ነበር፣ ዛሬም እወደዋለሁ። እዚያው ከምድር በታች የተወለደች አንዲት ሴት ስለ ዝናብ ሲነግሯት «ማን ነው የሚያፈሰው?» ብላ የምትጠይቅበት ቦታ አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያሰበ ደራሲ ከብቶቹን ቢረሳ ይቅር ይባላል አልሁት። እሱ ይቅር አላለውም።

ሁለተኛው የሌብነት ነገር ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት ባለጠጋ ሴት ቀለበቷ ከተቆለፈ ክፍል ይጠፋባታል። አንድ ነገር መርማሪ ይመጣል። አይቆጣም፣ አያስፈራራም፤ አመድ ያሸታል፣ የጫማ ዱካ ይለካል። ቁራኛዬ በዚህኛው ጥሬውን እንኳ ረሳ። ገና በመጀመሪያው ቀን «የሰረቀችው ወጥ ቤቷ ናት» ብሎ ፈረደ፤ ምክንያቱን ብጠይቀው «ያለ ነገር ሳቀች» አለኝ። ወጥ ቤቷ ነጻ ስትሆን ደግሞ ከመጀመሪያውም አልጠረጠርኋትም ብሎ ካደ።

ሌባው የሴትዮዋ ወንድም ሆኖ ተገኘ። «ሌሊቱን ሙሉ ሻማ አብርቼ ሳነብ ነው ያደርሁት» ብሎ ነበር፤ መርማሪው ገብቶ ሲያይ ሻማው እምብዛም አልነደደም። በዚያች ሻማ ተያዘ። እኔ በደስታ እጄን አነሣሁ፤ የሱም እጅ ሳይወድ ተነሣ።

«ነፋስ አጥፍቶበት ቢሆንስ? እንጦጦ ላይ ጧፍ ነዶ ሲያድር አይተህ ታውቃለህ?»

«የነሱ ቤት መስኮቱ መስተዋት ነው አያ፣ ነፋስ አይገባም።»

«ነፋስ ካልገባ ጢሱ በየት ይወጣል?»

ከሁሉ የገረመው ግን ሌላ ነገር ነው። «ምነው አውጫጭኝ አልጠሩም? ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ዛፍ ሥር ይቀመጥ። ነገሩ እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይግባ፣ እህል አይቅመስ። የሚያውቅ ሰው ለሽማግሌ በጆሮው ይነግራል፤ ማን እንደነገረ አይጠየቅም፣ ወፍ ነገረን ይባላል። አንድ እንግዳ ሰው ሻማ ለክቶ እንዴት ወንድምን በእህቱ ፊት ሌባ ያደርጋል?»

«እንዲያ ቢሆንማ መጽሐፉ በሁለት ቅጠል ያልቃል» አልሁት።

«ታዲያ ቢያልቅስ? ሴትዮዋ የፈለገችው ቀለበቷን ነው።»

ያልተማረ ሰው ይህን ምን ይረዳዋል የሚል ቃል ሳያመልጠኝ አልቀረም፤ ተኳረፍን። በአንድ ሰንሰለት ተኳርፎ መዋል ቀላል አይደለም። እሱ ወደ በሩ፣ እኔ ወደ ግድግዳው ዞረን ብረቱን በመሀላችን ወጥረን ዋልን። በማግሥቱ ሚስቱ መጥታ ሁኔታችንን አየችና በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናግራ ሳቀች። ምን አለች ብዬ ብጠይቀው «ባልና ሚስት መሰላችሁ አለች» አለኝ፤ በዚያው ታረቅን።

ጥቅምት ሲጋመስ ጦሩ እንደሚዘገይ ተሰማ። ሹሙ መጠበቅ ሰለቻቸውና ሁለታችንን አስጠሩን። ከትልቁ ጽድ ሥር ምንጣፍ አስነጥፈው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል፤ የሌብነቱ መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ ነው። ቁራኛዬን «ሲያነብ ትሰማለህ?» አሉት። አልሰማሁም፣ እንቅልፍ ይጥለኛል ቢል ማንም አይነካውም ነበር።

«እሰማለሁ ጌታዬ፣ ከነመጨረሻው» አለ።

«መልካም። እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ማላችሁ ትናገራላችሁ። ቃላችሁ ከገጠመ ተረት ነው፣ እምርሃለሁ። ካልገጠመ መጽሐፉ ሌላ ነገር ደብቋል፤ እስረኛው አንተ አምባ ትወጣለህ፣ ጠባቂው አንተም በሐሰት መስክረሃልና ትገረፋለህ።»

ሰንሰለቱን ፈቱት። ቀኝ እጄ ክብደቱን ስላጣ ሳላዝዘው ሽቅብ ሄደብኝ። ቁራኛዬን ከአጥሩ ውጭ አቆዩትና እኔ ታሪኩን ከነሻማው ተናገርሁ። ሹሙ እንድቀመጥ ጠቆሙኝ፤ ከዚያ እሱ ገባ።

«ንጉሥ ይሙት» ብሎ ጀመረ። እንዴት ያለ አነጋገር መሰላችሁ። የሴትዮዋን ሐዘን፣ የቤቱን ሰዎች ፍርሃት፣ የወጥ ቤቷን ሳቅ ሳይቀር አንድ በአንድ አወረደው። ሽማግሌዎቹ ወደፊት ዘንበል አሉ። ተማሪዬ ይመስል ኮራሁበት። መርማሪው ወደ ወንድምየው ክፍል ሲገባ ሻማዋን ጠበቅሁ።

«ከዚያ ወዲያ» አለ ቁራኛዬ፣ «ሰፈሩ አውጫጭኝ ተጠራ።»

ሰዎቹን ዛፍ ሥር አስቀመጣቸው፣ አስራባቸው፣ ወፍ አስነገረ፤ ወንድምየውም ቀለበቱን አምጥቶ በሽማግሌ ፊት አኖረ። ሻማ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ሹሙ መጽሐፉን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «እሱ ሌባው በሻማ ተያዘ ብሏል። አንተ በአውጫጭኝ አልህ። ከሁለት አንዳችሁ ዋሽታችኋል።» ወደኔ ዞሩ። «ምናልባት ተሳስተህ እንደሆነ አስብና ተናገር።»

የመዳኛ በር እየከፈቱልኝ ነበር። ተሳስቻለሁ ብል ቃላችን ይገጥማል፣ ሁለታችንም እንተርፋለን። እውነቱን ብናገር ለኔ አምባ፣ ለሱ ጅራፍ ነው። አፌን ከፈትሁ፤ ምን ልል እንደነበር ዛሬም በእርግጥ አላውቅም። ቁራኛዬ ቀደመኝ።

«እሱ አልተሳሳተም ጌታዬ። መጽሐፉ ያለው ሻማውን ነው፣ አልረሳሁትም። ነገር ግን ንጉሥ ይሙት ብዬ፣ ዳኛ ፊት ቆሜ፣ ሰው በሻማ ተፈረደበት ማለት ከበደኝ። አፌ እሺ አላለኝም።»

ጅራፍ የያዘው ሰው አንድ እርምጃ ቀረበ። ሹሙ በእጃቸው አቆሙት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገና «ክፍሉ መስኮት ነበረው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። መስተዋት ነው አልሁ። ሌላው «ሻማው አሮጌ ከሆነ ቀስ ብሎ ይነዳል» አለ። «ምስክር ሳይኖርማ እንዴት?» አለ የመጀመሪያው። ሹሙ ራሳቸው «ቢሆንም ሰውዬው ዋሽቷል፤ ውሸቱስ ምስክር አይሆንም?» ብለው ገቡበት። የኔ ነገር ተረስቶ ስለዚያች ሴት ቀለበት ሙግት ሆነ። ምሳ ሲቀርብ ነው ያበቃው።

«ለመዋሸት የተማከሩ ሰዎች እንዲህ አይጣሉም» አሉ ሹሙ በመጨረሻ። አምባው ቀረልኝ፤ ዘማቾቹ ተመልሰው መጻሕፍቱን እስኪያዩ እዚያው እንድቆይ ተፈረደ። ቁራኛዬ ከጅራፉ ዳነ፤ ነገር ግን ሳይሾም ፈርዷል ተብሎ ከጥበቃ ተነሣና ወደ የካ ውረድ ተባለ። እሱ እዚያው ቆሞ ሳለ የኔን እጅ ከሌላ ሰው ጋር አሰሩት። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«መጽሐፉን አትጥላው» አለኝ። «ክፉ መጽሐፍ አይደለም። ያጣው ዳኛ ነው።»

አዲሱ ጠባቂ እጁን እንደፈለግሁ ይለቅልኛል፣ መጽሐፉ የሚለውንም አይጠይቀኝም። ሁለቱንም መጻሕፍት እንደገና አነበብኋቸው፤ ጣማቸው ግን ቀንሶ ነበር። ቁራኛዬ ናፈቀኝ። ጠባቂው ለናፈቀው እስረኛ ማን ያዝንለታል?

ገና ሲቃረብ ዘማቾቹ ገቡና መጻሕፍቱ ተረት መሆናቸውን መሰከሩልኝ። የተፈታሁ ዕለት ወደ ቤቴ አልሄድሁም፤ ቁልቁለቱን ወደ የካ ወረድሁ። ቁራኛዬ አውድማው ላይ ከጎረቤቶቹ ጋር ነበር። እንኳን ተፈታህ እንኳ አላለኝም፤ ክንዴን ይዞ ወደ ሰዎቹ መራኝና በኦሮምኛም በአማርኛም «የታሪኩ ባለቤት ይህ ነው» አላቸው። ታሪኩን ሁሉም ያውቁታል። ሻማውንም አውጫጭኙንም ነግሯቸው ለሁለት ተከፍለው ሲሟገቱበት ከርመዋል። የትኛው ይሻላል ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈራሁ፤ ያን አልጠየቁኝም። የጠየቀችኝ ሚስቱ ናት።

«እህትየዋና ወንድምየው ኋላ ታረቁ ወይ? ይህን ብጠይቀው አላውቅም ይለኛል።»

«እኔ የሰማሁት እስከዚያ ነው» አለ ቁራኛዬ። «እሱ ይንገራችሁ።»

መጽሐፉ የሚያበቃው ወታደሮች ወንድምየውን ይዘውት ሲሄዱ ነው። እኔ በሰው መጽሐፍ ላይ አንድ ቃል ጨምሬ አላውቅም። ሰዎቹ መንሻቸውን መሬት ተክለው ይጠብቁኛል።

«ታረቁ» አልሁ።

«ማን አስታረቃቸው?» አለ ቁራኛዬ፤ ዓይኑን ከኔ አላነሣም።

«ጎረቤቶቻቸው።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ሰዎቹም ወደ ውቂያቸው ተመለሱ።

እሱ ካረፈ ብዙ ዘመኑ ነው። ከተማው ወደ ታች ወርዷል፣ እንጦጦን ባሕር ዛፍ ሸፍኖታል። ባቡር ከገባ ወዲህ አዲስ መጻሕፍት የሚያመጡልኝ ወጣቶች አሉ። ስለሚመጣው ዘመን የሚጽፉት መኪና አበዙ፤ ያቺን የዝናብ ሴት የሚያህል ሰው ግን አላገኘሁባቸውም። የሌባና የመርማሪው መጻሕፍት ከዱሮው ይልቅ ተራቅቀዋል፣ እኔንም አዘውትረው ያታልሉኛል። ሁሉም ግን ሌባው በተያዘበት ገጽ ያልቃሉ። ሳበቃ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዓይኔን እጨፍናለሁ። የቤቱ ሰዎች እንቅልፍ የወሰደኝ እየመሰላቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ግን እያስታረቅሁ ነው።