ቄጤማው ባለቤት አለው

ከዝናብ በኋላ የራሰ ሣር ሲታጨድ የሚወጣው ሽታ እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ በመኪናዬ መስኮት ሲገባ፣ ዛሬም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ፣ እናቴ አጠገብ የቆምኩ ይመስለኛል።

ከቤታችን ራቅ ብሎ አንድ ሐይቅ ነበር። በአንድ በኩል ውኃው ወደ ውስጥ ታጥፎ ጸጥ ያለ ጥግ ስለሚሠራ፣ ያንን ጥግ እኛ ቤት «እቅፉ» እንለው ነበር። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ከአየር ማረፊያ መንገደኛ ሲያመላልስ ሰንብቶ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ይወስደንና፣ እሱ መኪናው ውስጥ ሲያንቀላፋ፣ እኔና እናቴ በዳርቻው እንሄድ ነበር። እናቴ በእቅፉ ዳር የበቀለውን ረጅም ቄጤማ ባየች ቁጥር ቆም ብላ በእጇ ትዳብሰው ነበር።

በዚያ ጸደይ፣ ለቅዳም ሹር በየሰው ራስ ላይ የሚታሰር ቄጤማ የሚያመጣ ሲጠፋ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን በሰው ሁሉ ፊት «እኔ አመጣለሁ» አለች። ቃል አታበዛም፤ ያለችውን ግን ታደርስ ነበር። በሕማማት ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ወደ ሐይቁ ነዳን። በእቅፉ መግቢያ ገመድ ተወጥሮ፣ መሐሉ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሎ አገኘን።

«ምን ይላል?» አለችኝ፤ ያኔ እንግሊዝኛ ማንበብ አትችልም ነበር።

ሰሌዳው ወፎች የሚፈለፍሉበት ጊዜ ስለሆነ መግባት ክልክል ነው ይላል። ባዶ እጇን ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ታየኝ።

«ውሻ ይዛችሁ አትግቡ ነው የሚለው» አልኳት።

«እኛ ምን ውሻ አለን» ብላ ጎንበስ ብላ አለፈች።

በወጥ ቤት ቢላዋ እያጨደች እኔ እያቀፍኩ፣ ሦስተኛውን እቅፍ ስንጀምር አንዲት ዳክዬ ከእግራችን ሥር ክንፏን እያማታች ተነሣች። በለስላሳ ላባ መሐል ሰባት እንቁላል ተደርድሯል። ያጨድነው ጣሪያዋን ነበር።

ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ወፎቹን በፈቃዷ የምትጠብቅ አሜሪካዊት አሮጊት ከመንገዱ መጣች። አልጮኸችም። «ሰሌዳውን አላያችሁትም?» አለችና እኔን አየችኝ። እናቴ ምን እንዳለች ስትጠይቀኝ ማምለጫ አልነበረኝም፤ እያለቀስኩ እውነቱን ነገርኳት።

እናቴ እንባዬን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «ለእኔ ብለሽ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ለእኔ ብለሽ አትዋሺ።»

አሮጊቷ፣ ጎጆው ተገልጦ ከቀረ ቁራ እንደሚያየው ስትነግረን፣ እናቴ ያጨድነውን አንሥታ በጎጆው ዙሪያ ጭቃው ላይ መልሳ ታቆም ጀመር። ሦስታችን ተጋግዘን ሸፈንነው። «ትመለሳለች?» ብላ በእኔ አስጠየቀች። አሮጊቷ «አላውቅም» አለችና የተረፈውን አንድ ጭብጥ ቄጤማ ለእናቴ ሰጠቻት።

ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች እጇን አይተው፣ «ምነው እህቴ፣ ቄጤማውን ፍሪጅ ውስጥ ረሳሽው?» እያሉ ሲስቁ፣ «ባለቤት አለው» ብቻ አለች። ለቄሱ ግን አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ነገረቻቸው። እኔ ከኋላዋ ተደብቄ ነበር።

«ለመሆኑ ርግቧ ለኖኅ ስንት ነዶ አመጣችለት?» አሏት። ከዚያ ያቺን አንድ ጭብጥ በቀጭን በቀጭኑ እየሰነጠቁ አደሉ፤ ለራስ ስለማይበቃ በዚያ ዓመት ሁላችንም ጣታችን ላይ አሰርን።

በፋሲካ ማግስት ወደ ሐይቁ ሄድን። አሮጊቷ መነጽሯን ለእናቴ አጠለቀችላት። እናቴ ወደ ጎጆው ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ፣ «ተቀምጣለች» አለች። ከዚያም አማተበች።

በበጋው አምስት ጫጩቶች እናታቸውን ተከትለው በውኃው ላይ ሲሰለፉ አየን። በመጸው ዛፎቹ ቢጫ ሲሆኑ፣ አባቴ ሳይቀር ከእንቅልፉ ተነሥቶ ከአሮጊቷ ጋር ከዳርቻው ፕላስቲክ እንለቅም ነበር። ክረምት ሲገባ ውኃው በረዶ ሠርቶ ዝይዎች ሲያርፉበት፣ እናቴ ከገመዱ ወዲህ ቆማ ዳዊቷን ትደግም ነበር። አባቴም የቄጤማ ሥር ከዘመድ አግኝቶ፣ ከቤታችን ጀርባ በሰፊ ገንዳ ተከለ።

ዛሬ የቅዳም ሹር ቄጤማ የሚሄደው ከዚያ ገንዳ ነው፤ ለሁሉም ራስ ይበቃል፣ ይተርፋልም። አሮጊቷ ጉልበቷ ሲደክም መነጽሯን ለእናቴ ሰጥታት፣ አሁን በየጸደዩ ገመዱን ከሚወጥሩት አንዷ እናቴ ናት። እኔም እናት ሆኛለሁ፤ ያኔ ሳትቆጣኝ በመቅረቷ እግዚአብሔርን የማመሰግነው ከወለድኩ ወዲህ ይበልጥ ነው። ዘንድሮ ልጄ የአያቷን እጅ ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆመች። እናቴ አሁን እንግሊዝኛ ታነባለች፤ ግን ልጅቷን ታስነብባታለች።

«እማማ፣ ክሎዝድ ነው። ወፎቹ ቤቢ አላቸው።»

«ጎሽ» አለቻት እናቴ፤ ከዚያ እኔን ሳታይ፣ «ስለ ውሻ የሚለው ነገር የለም?»