የደብሪቱ ወንበር

በዚያ ዘመን ጎንደር አዘዞ ሜዳ ያረፈ ዳኮታ አይሮፕላን በሩ ሲከፈት ከመንገደኛው ቀድሞ የሚወርደው የሎሚ ሽታ ነበር። አይሮፕላን የሚሳፈር ሰው እንዳያቅለሸልሸው ሎሚ ይይዛል፤ ልጣጩን በጥፍሩ እየጫረ መንገዱን ሙሉ ሲያሸት ይውላል። ሰዉ ወርዶ ሲያልቅ ህሩይ መጥረጊያውን ይዞ ይገባና ከየወንበሩ ሥር የተጫረ ሎሚ ይለቅማል። ዛሬ ጢሙ እንደ ጥጥ ነጥቶ እንኳ፣ ጎረቤት ሎሚ ሲቆረጥ አፍንጫው ቀድሞት አዘዞ ይደርሳል።

ህሩይ የቁም ጸሐፊ ልጅ ነው። አባቱ ብራና ሲፍቁ፣ ቀለም ሲበጠብጡ እያየ ከደብሩ ቅጥር ሥር አደገ። አባትየው ሙያቸውን እንዲወርስ ቢመኙም እሱ ልቡ ከሚጮኸው ነገር ሸፈተና አይሮፕላን ማረፊያው ገብቶ ሻንጣ ተሸካሚና ጠራጊ ሆነ። አንድ ቀን እንኳ ሳይበር ጡረታ ወጣ። የአባቱ እጅ ግን ከእሱ ጋር ቀርቷል፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህም ያ እጅ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የዳኮታውን ሆድ፣ በጣውላ አሳንሶ።

ርዝመቱ ክንድ ከስንዝር ነው። ወንበሮቹን ከሸምበቆ ጠርቦ፣ ከአባቱ የቀረ የብራና ቁራጭ በሻይ ነክሮ አልብሷቸዋል። መስኮቶቹ የኪኒን ማሸጊያ ፕላስቲክ ናቸው። ምንጣፉ አንድ ቄስ ከጣሉት ካባ ገበር የተቀደደ ነው። በየወንበሩ ክንድ ላይ፣ የምስር ፍሬ የማታክል የሲጋራ መተርኮሻ ከነክዳኗ ተተክላለች።

ንብረት የሚባለው የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ብቅ ይልና ይተርበዋል።

«አያ ህሩይ፣ ይኸ አይሮፕላን መቼ ነው የሚበረው? ክንፍ እንኳ የለውም እኮ!»

«ክንፉንማ አገር አይቶታል። የእኔ ጉዳይ ከሆዱ ነው።»

ጉዳዩ ምን እንደሆነ ንብረትም ያውቃል። የህሩይ ሚስት ደብሪቱ ደረቷን ታማ፣ ትንሿን ልጃቸውን ኤልሳን ይዛ በዚያ ዳኮታ ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና ሄደች፤ እንደ ሄደችም ቀረች። እዚያው ተቀበረች። ኤልሳን አክስቷ ወስዳ አሳደገቻት፤ አሁን ትልቅ ሴት ናት፣ ወደ ጎንደርም የምትመጣው አልፎ አልፎ ነው። ህሩይ የሠራውን ሆድ ጣሪያ ሳያጣብቅ የቆየው ለእሷ ብሎ ነው። ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ነው፤ ሳይጨልምበት በፊት ልጁ ወደ ውስጥ አይታ «አዎ፣ እንዲህ ነበርን» ትበለው፤ ከዚያ ይዘጋዋል።

ዘንድሮ ኤልሳ ለስብሰባ መጣች። ያረፈችው ፒያሳ ሆቴል ነበር። ንብረት አመጣትና ባጃጁን ደጅ አቁሞ ይጠብቃት ጀመር።

ህሩይ ጣሪያውን በሁለት እጁ አነሳ። ኤልሳ አጎነበሰች፤ ፊቷም እንደ ልጅ ፊት በራ።

«ወይኔ አባባ! መተርኮሻው ሳይቀር! ግን ወለሉ ምነው ዳገት ሆነ?»

«ዳኮታ በጭራው አይደል የሚቀመጥ? ስጠርገው ሁልጊዜ ዳገት ነው።»

«ሰማይ ላይ ሲሆን እኮ ደልዳላ ነው» ብላ ሳቀች። ቀጥላም ወንበሮቹ ላይ የተጣበቁትን ትንንሽ ሰዎች ረድፍ በጣቷ ተከተለች። «ሴቶቹስ ምነው ባንድ ወገን ተሰለፉ?»

«ታዲያ ተደባልቀው ይቀመጡ ኖሯል? ሴት በቀኝ፣ ወንድ በግራ ነው እንጂ።»

«አባባ፣ አይሮፕላን እኮ ነው፣ ቅዳሴ አይደለም!»

ህሩይ አልሳቀም። የዚያን አይሮፕላን ስፌት ሁሉ ያውቃል፤ የትኛው ወንበር እንደሚንቋቋ ያውቃል። ሰው ተቀምጦበት ግን አይቶ አያውቅም። በሩ ሲዘጋ እሱ ውጭ ነው፤ ሲገባም ሰዉ ወርዷል። ያላየውን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በሚያውቀው በደብሩ ሥርዓት ሞላው።

«እናትሽ ይቻትና» አለ፣ ጣሪያውን አስቀምጦ በጣቱ እያሳየ። በቀኝ ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ፣ ነጠላ የለበሰች የጣት ጫፍ የምታህል ሴት ተቀምጣለች። እጇ ላይ የዳጉሳ ፍሬ የምታክል ቢጫ ነጥብ አለች። አጠገቧ ደግሞ ትንሽ ልጅ። «እንዲህ ነበራችሁ፣ አይደል?»

ኤልሳ ጣቷን ከረድፉ አነሳች። ደጅ ንብረት ያፏጫል።

«አልነበርንም» አለች። «በግራ ነበርን። መስኮቱን ለእኔ ለቀቀችልኝ። ሎሚውንም ለእኔ ሰጠችኝ፤ እሷ አላሸተተችም። ደክሟት ቀና ማለት ስላቃታት 'አባትሽ እጁን እያወዛወዘልን ነው?' ብላ ጠየቀችኝ። 'አዎ' አልኳት።»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ...»

«አላወዛወዝክም፣ አባባ። በሩን ዘጋህና ጀርባህን ሰጥተኸን ጋሪህን እየገፋህ ሄድክ።»

«ሥራ ላይ ነበርኩ እኮ። አለቃው ቆሞ...» አለና ወደ እሷ ዞረ። «ምነው እስካሁን ሳትነግሪኝ?»

«አንተስ ምነው እስካሁን ሳትጠይቀኝ? ለመተርኮሻ ክዳን ዓይንህን ታጠፋለህ። እዚያ ውስጥ ከነበረ ሰው የቀረሁልህ እኮ እኔ ነኝ! አንድ ቀን 'እናትሽ እንዴት ሆነች' ብለኸኛል?»

«ይከፋሻል ብዬ ነው።»

«ይከፋኝ ነበራ! አብረን ይከፋን ነበር።»

ህሩይ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ሥራ ያዘ። ምላጩንና ወረንጦውን አነሳ። «ግድ የለም፣ ይቃናል። ወደ ግራ አዛውራታለሁ» እያለ ከደብሪቱ ሥር ምላጩን ሰደደ። ሙጫው የቆየ፣ ዓይኑም የፈዘዘ ነበርና ብራናው ተተረተረ፤ ደብሪቱ የወንበሯን ልብስ ይዛ ወጣች። መዳፉ ላይ አስቀመጣት። ኤልሳ ቀስ ብላ አነሳቻት።

ህሩይ ቦታዋን ልታሳየኝ ነው ብሎ ልቡ ሞቀ። በግራ ረድፍ ያሉትን ወንዶች በወረንጦው እየነቀለ ቦታ ያስለቅቅ ጀመር፤ አፍንጫው ጣውላውን ሊነካ ደርሶ ነበር።

«የትኛው ነው፣ ልጄ? ከክንፉ ፊት ነው ወይስ ከኋላ? እዚህ ላይ ነው?»

አንዱን ደግሞ ነቀለ።

«እዚህ ነው ወይ፣ ኤልስዬ?»

የንብረት ፉጨት ተቋረጠ። ህሩይ ቀና ሲል ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ደብሪቱም የለችም፤ በሩ እንደተከፈተ ቀርቷል፣ ባጃጁም ቁልቁለቱን ይዞ እያጓራ ይርቃል።