የፈረንሳዊው አብሽር

መካነ ሰላም ውስጥ ሳክስፎን የሚያውቅ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ያየው ግን አልነበረም። ሁላችንም የምናውቀው ከካሴት ነው። ስለዚህ አንድ ፈረንሳዊ የሳክስፎን መምህር ከሚስታቸው ጋር መጥተው ከገበያው በታች ቤት ተከራዩ ሲባል፣ ከተማው የሰርግ ዘፈን መጠበቅ ጀመረ። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት የሚነፉት አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ይጀምሩታል፣ ያረዝሙታል፣ ያቆሙታል፣ ያንኑ ደግመው ይጀምሩታል። አከራያቸው ቀልደኛ አሮጊት ነበሩ። ትንሽ ታገሱ ታገሱና፣ "ወላሂ ይኼ ሰውዬ ዘፈኑን አገሩ ረስቶት ነው የመጣው" አሉ።

የመንግሥት ለውጡ ከሆነ ጥቂት ዓመት አልፎታል፤ እኔ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ሚስትየዋ የገብስ ተመራማሪ ናቸው፤ በፕሮጀክት መኪና ደጎሎና ከላላ ድረስ እየሄዱ ማሳ ለማሳ ሲዞሩ ይውላሉ። ባልየው ብቻቸውን እንዳይሆኑ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ተፈለገና እኔ ተጠራሁ። ባልጠራም መሄዴ አይቀርም ነበር፤ ያላወቅኩት ነገር ካለ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። የምናወራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንተና አንቱ አላስቸገረንም። በአማርኛ ሳስባቸው ግን ከአንቱ ሌላ አልመጣልኝ አለ።

በመጀመሪያው ቀን ሥራቸው ምን እንደነበር ጠየቅኳቸው።

"መጠበቅ" አሉኝ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። አባታቸው ዳቦ ጋጋሪ ሆነው እሑድ እሑድ በትንሿ ከተማቸው ማርሽ ባንድ ሳክስፎን ይነፉ ነበር። ልጅየው መሣሪያውን ወርሰው ፓሪስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በማዕረግም ተመረቁ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጃዝ ቢወዱ ኖሮ መጫወቻ ቦታው ሞልቷል፤ እሳቸው የወደዱት ክላሲካሉን ነው። የክላሲካሉ ትልልቅ ደራሲዎች ደግሞ አብዛኞቹ ይህ መሣሪያ ሳይፈጠር ሞተዋል። እናም በኦርኬስትራ ውስጥ ለሳክስፎን ቋሚ ወንበር የለም። አልፎ አልፎ ሲጠሩ ሙሉ ልብስ ለብሰው ይሄዳሉ፤ ምሽቱን ሙሉ ተቀምጠው ተራቸው ሲደርስ ትንሽ ይነፋሉ፤ መልሰው ቁጭ ነው። በቀረው ጊዜ የሚጫወቱት ለቫዮሊን ወይም ለሌላ መሣሪያ የተጻፈውን እየተዋሱ ነበር።

"ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ለብሼ ኖርኩ" አሉኝ።

"አይከፋም ታዲያ?"

"ይከፋል እንጂ። ማስተማር የጀመርኩት ለዚህ ነው።"

ከፓሪስ ራቅ ባለ ከተማ ውስጥ ልጆች ሲያስተምሩ አረጁ። ተማሪዎቻቸው አብዛኞቹ ሙዚቀኛ አልሆኑም። አንዱ ፋርማሲ ከፈተ፣ አንዱ ፖሊስ ሆነ፣ አንዷ የጥርስ ሐኪም ሆና የመምህሯን ጥርስ ነቀለች። ይህን ሲያወሩ ደስ ይላቸዋል፤ ባዶውን የድድ ቦታ ሳይቀር አሳይተውኛል። እነዚሁ ተማሪዎች አሁን ተሰባስበው፣ መምህራቸው ከኢትዮጵያ ሲመለሱ የስንብት ኮንሰርት ሊያደርጉላቸው ነው። የሚጫወቱት ሥራ ከማንም ያልተዋሱት፣ ለሳክስፎን ተብሎ የተጻፈ ነው። መሐሉ ላይ ግን መተንፈሻ የሌለው አንድ ረጅም መስመር አለ፤ በአንድ ትንፋሽ ካልወጣ አይሆንም። ጠዋት ጠዋት የምንሰማው ነገር ለዚያ መስመር ትንፋሽ ማጠራቀሚያ ነበር። መስመሩን ራሱን ሲሞክሩት ታዲያ ግማሽ ላይ ይቆረጣል። ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ።

እኔንም ያስተምሩኝ ጀመር። ለብዙ ሳምንት የሰጡኝ መሣሪያውን ሳይሆን አፍ ላይ የሚገባውን ጫፉን ብቻ ነው፤ ከመቃ የተላገች ስስ ምላስ አለችው። ስነፋው የሚወጣውን ድምፅ የሰሙት አከራይ በበሩ ብቅ ብለው፣ "ፍየሉ ምን ሆኖባችሁ ነው?" ብለው ጠየቁ። ቀጥሎ ትንፋሽ መሳብ ተማርኩ፤ ትከሻ ሳይነሳ፣ እስከ ሆድ ድረስ።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኝ ነበር። መሣሪያውን ወደ አፌ ሳስጠጋ ሁልጊዜ "አብሽር!" ይሉኛል። አብሽር በእኛ አገር አይዞህ ማለት ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል፤ ለታመመ፣ ላዘነ፣ ለደከመ። እኔ ደግሞ ገና አልነፋሁም። ገና ሳልሳሳት ምን ያጽናኑኛል? ያን ያህል ተስፋ የለኝም ማለት ነው? አንድ ቀን ብሶኝ ጠየቅኳቸው።

እሳቸውም ግራ ተጋቡ። "በቋንቋችሁ 'ተንፍስ' ማለት አይደለም?"

"ማን ነው እንደዚህ ያለዎት?"

"ሁሉም ሰው ነዋ! ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ያገኘኝ ሁሉ አብሽር ይለኛል። አከራዬም ደረጃው ላይ ቆመው 'አብሽር ልጄ' ይሉኛል። እኔም እተነፍሳለሁ፤ ደግሞ ይሻለኛል።"

እስኪያመን ድረስ ሳቅን። ትርጉሙን ከነገርኳቸው በኋላም ቃሉን አልተዉትም፤ ለትምህርቱ ከዚህ የተሻለ ቃል የለም አሉ። ያን ቀን እየሳቅን ሁለታችንም ያላስተዋልነው ነገር ነበር።

ክረምቱ እንደወጣ መምህሬ መስመሩን መሞከር ተዉ። ሚስታቸው መጀመሪያ ላይ "አገሩ ከፍታ ነው፤ ጥቂት ሳምንት ይደክምሃል፣ ከዚያ ትለምደዋለህ" ብለዋቸው ነበር። ጥቂቱ ሳምንት አልፎ ወራት ሲሄዱ ከፍታውን ረስተው ዕድሜያቸውን ከሰሱ። አንድ ከሰዓት መሣሪያውን ጠርገው ሳጥኑ ውስጥ አስተኙና፣ "እኔ አበቃሁ። ኮንሰርቱ እንዲቀር እጽፍላቸዋለሁ። ይኼ ወደ ፈረንሳይ አይመለስም፤ ስሄድ ያንተ ነው" አሉኝ።

ማዘን ነበረብኝ፤ አዝኛለሁም። ግን ወደ ቤቴ የሄድኩት እየሮጥኩ ነው። በእኛው በቦረና ወረዳ ሙሉ አንድ ሳክስፎን ሊኖር ነው፤ እሱም የእኔ። ቁም ሳጥኑ ላይ ቦታ አዘጋጀሁ። እናቴ ከጋቢ ቁራጭ ለሳጥኑ ልብስ ሰፋችለት፤ ዳር ዳሩን ጥለት ሁሉ አደረገችለት።

በአንድ እሑድ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ኳስ እያየን ነበር። እንግዳው ቡድን ከዓባይ በረሃ በኩል ከቆላ የመጣ ነው። እንደ ልማዳቸው በመጀመሪያው አጋማሽ የእኛን ልጆች መፈናፈኛ አሳጧቸው፤ በሁለተኛው አንድ በአንድ ጉልበታቸውን ይዘው ማጎንበስ ጀመሩ።

"ምን ሆነው ነው?" አሉኝ መምህሬ።

ከልጅነቴ ጀምሮ የማየው ነገር ስለሆነ ሳላስብ መለስኩ። "ቆላ ያደጉ ናቸው። እዚህ ደጋው ላይ..." አልኩና ዓረፍተ ነገሬን ዋጥኩት። ትንፋሽ ያጥራቸዋል ልል ነበር።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ጥለት የለበሰው ሳጥን ቁም ሳጥኔ ላይ ተቀምጦ ታየኝ። ያናገረኝ ደግነት ብቻ ነው ብዬ ራሴን አላሞግስም። እኔ መስመሩን ሁልጊዜ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት። ሲሞላ ምን ይመስላል? ይህን ሳላውቅ ሳክስፎኑን ታቅፌ ልኑር? አልቻልኩም። "ትንፋሽ ያጥራቸዋል" አልኩ፤ "ቆላ ሲመለሱ ግን ደህና ናቸው።" መምህሬ ጨዋታው ሳያልቅ ተነስተው ቆሙ።

በሚስትየዋ መኪና መንገዱ እስኪያልቅ ሄድን፤ ከዚያ ሳጥኑን በቅሎ ላይ ጭነን ቁልቁል ወደ ዓባይ ወረድን። በማግስቱ ጠዋት ከአንድ የማሽላ ማሳ ዳር ቆመው ነፉ። መስመሩ የሚቆረጥበትን ቦታ ስለማውቅ፣ እዚያ ሲደርሱ እኔው ራሴ ትንፋሼን ያዝኩ። አልተቆረጠም። እኔ ከዚያ በላይ እየወጣ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ለካ እዚያ ላይ ይዞርና ቀስ እያለ፣ እየለሰለሰ፣ እስከ ጀመረበት ድረስ ይወርዳል። መጨረሻው መቼ እንዳበቃ እንኳ አልታወቀኝም። እንደዚህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

ማማ ላይ ሆኖ ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቅ ገበሬ ወንጭፉን ትከሻው ላይ ጥሎ ጮኸ። "ጋሼ! አንድም ወፍ አልቀረም እኮ! አላህ ይስጥልኝ፤ ነገም ይምጡልኝ!"

ስተረጉምላቸው ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣባቸው። "ይኼን ያህል ዓመት ስጠብቅ" አሉ፣ "ነገም ና ያለኝ ኦርኬስትራ የለም።" ዳገቱን ስንመለስ ግን እሳቸው ሳጥኑን ያያሉ፣ እኔ በቅሎዋን አያለሁ።

ሳክስፎናቸውን ይዘው ለኮንሰርቱ የሄዱ ዕለት እናቴ ያንን የጋቢ ልብስ አጥፋ ሰጠችኝ። "ለእኛ ምን ያደርግልናል፤ አብረህ ስጣቸው። አገራቸው ብርድ ነው አሉ" አለች። መናኸሪያ ላይ ሳጥኑን አለበስኩት። ከፍቶኝ ነበር፤ በጣም ከፍቶኝ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር። እሳቸው አንድ ነገር ሊሉኝ ሞከሩ፤ እንግሊዝኛው ጠፋባቸው። ሳጥኑ አውቶቡሱ ላይ ከዕቃ ጋር አይጫንም ብለው ጭናቸው ላይ ያዙት።

ሞተሩ ሲነሳ በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ።

"አብሽር" አሉኝ።

ያኔ ሁለቱንም ትርጉም ያውቃሉ። የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ ሳልጠይቅ የማላድረው ሰው። እንዳስተማሩኝ ትከሻዬን ሳላነሳ አየሩን እስከ ሆዴ ሳብኩት። አውቶቡሱ የወረኢሉን መንገድ ይዞ ከዓይኔ እስኪሰወር ድረስ አላወጣሁትም።