ያልቆጠርኳት ምት

ባለቤቴ ለእንግዳ ሁሉ የምትናገረውን ለሠላሳ ዓመት በዝምታ ሳሳልፈው ኖሬያለሁ። ባለፈው ቅዳሜም ጎባ አጠገብ ሮቤ ከተማ ባለው ቤታችን ለምሳ ለመጣው ወጣት መምህር፣ «እሱ እኮ በጎልፍ የሚተዳደር ተወዳዳሪ ነበር፤ እኔ ነርስ ሆኜ ጎባ ስመደብ ለእኔ ብሎ ትቶት መጣ» አለችው።

«ጋሼ፣ መለኪያውን ከፍ አድርገው እኛን ሚስት ፈላጊዎቹን አስቸገሩን እኮ!» ብሎ እንግዳው እየሳቀ ወጣ።

እኔ ግን መደበቁ ሰልችቶኝ ነበርና ባለቤቴ ሳህኖቹን ስታነሳ እውነቱን ነገርኳት። በመጨረሻው ውድድሬ ሣር ውስጥ የነበረችውን ኳስ ሳላስበው በዱላዬ ነክቼ አንቀሳቅሻት ነበር። በጎልፍ የሚያሸንፈው በትንሽ ምት የጨረሰ ነው፤ ይህ ደግሞ አንድ የቅጣት ምት ያስጨምራል፤ ሌላ ሰው ባያይም ተጫዋቹ ራሱ መናገር አለበት። አልተናገርኩም። የውጤት ወረቀቱን ፈርሜ በአንድ ምት ልዩነት አሸነፍኩ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ መቆም አስጠላኝ፤ የእርሷ ምደባ መሸሻ ሆነኝና ሮቤ መጥቼ ታሪክ ማስተማር ጀመርኩ።

በማጭበርበሬ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

«እሱን ከፈጣሪህ ጋር ተነጋገርበት» አለች፣ ሳህኖቹን መልሳ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «እናቴ አዲስ አበባ አልጋ ላይ ስትውል ወደዚያ ዝውውር ያልጠየቅኩት ለምን ይመስልሃል? አንድ ጊዜ ሥራህን አስጥዬሃለሁ፣ ዳግመኛ እንዴት ላፈናቅልህ ብዬ እኮ ነው!»

እናቷ ያረፉት እርሷ ጎባ የሌላ ሰው እናት ስታስታምም ነበር።