ታህቱን የጻፍኩበት ወረቀት

በእስር ክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን። በሩ ሥር ጋቢያቸውን ለሁላችን ያጋሩን የሸኮው ቡና ገበሬ፤ ከጎናቸው የቴፒው ባጃጅ ነጂ፤ ጥግ ላይ የማይናገረው የሚዛን ከተማ ባለሱቅ፤ አራተኛው እኔ። የታሰርኩት ስለ ቡና መሬት በተጠራ ስብሰባ ላይ ጥያቄ ጠይቄ ነው። ቤቴ ሲፈተሽ ደብተሬ ተገኘ።

ደብተሩ ውስጥ ስሌት ብቻ ነበር። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እርጥበቱ መጀመሪያ ቶሎ ይወርዳል፤ ኋላ ይዘገያል። አንድ ፖሊኖሚያል ቀመር ብቻውን ይህን ሲከተል መጨረሻው ላይ ሽቅብ ይታጠፋል፤ የደረቀው ቡና መልሶ የረጠበ ያስመስላል። አንዱን ፖሊኖሚያል ለሌላው ሳካፍል ግን መስመሩ ይረጋል። ቁጥሮቹን የምለዋውጠው ትልቁ ስህተት የተቻለውን ያህል እንዲያንስ ነበር። ሲሳካ ትልልቆቹ ስህተቶች እኩል ሆኑ፦ ስድስት ቦታ፣ አንዴ ፕላስ፣ አንዴ ማይነስ።

መርማሪው በማለዳ አስጠራኝ።

«ፕላሱ የእናንተ ሰው ነው። አይደል?»

«ቀመሩ እርጥበቱን አብዝቶ የገመተበት ነው።»

«ለቡና ይሄ ሁሉ? አባትህ መድረቁን በጥርሳቸው ነክሰው አይደል የሚያውቁት?»

«አዎ። እኔ ከመንከሴ በፊት ማወቅ ፈለግኩ።»

ወረቀት ገፋልኝ። የእኔ ቃል ነው ተብሎ ተጽፏል። በሦስቱ ፕላሶች ጎን የሦስት ጎረቤቶቼ ስም ገብቷል። ቀመሩም ያለ ታህቱ፣ ያለ አካፋዩ ፖሊኖሚያል ነው የተገለበጠው፤ ላዕሉ ብቻውን ቀርቷል።

«ፈርም፤ ምሳህን ቤትህ ትበላለህ።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ሦስቱን ስሞች ሰረዝኩ። ከቀመሩ ሥር መስመር አስምሬ ታህቱን ሞላሁ። በግርጌው «ይህ የቡና ማድረቂያ ስሌት ነው፤ ማንንም አይመለከትም» ብዬ ጻፍኩና እዚያ ላይ ፈረምኩ። መርማሪው ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። ከዚያ ጠባቂውን ጠራ።

ክፍሉ ውስጥ ስነግራቸው ባጃጅ ነጂው ጭንቅላቱን ያዘ።

«ወንድሜ፣ አንተ ወጥተህ ቢሆን ባጃጄን ታይልኝ ነበር እኮ!»

ገበሬው ግን ሌላ ጠየቁኝ።

«ደመና ሲሆንስ፣ ያንተ ሒሳብ ምን ይላል?»

«ደመና አላስገባሁበትም፣ አባባ።»

«ኧረ ልጄ! ሳትጨርሰው ነው የታሰርክለት?»

ባለሱቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ሦስቱ ጎረቤቶቼ አልተያዙም። ደብተሬ አልተመለሰልኝም፤ ቁጥሮቹን እንደገና ከመጀመሪያው ሠርቼ አገኘኋቸው። ዛሬም ያን ወረቀት ቢያመጡልኝ የምፈርመው እዚያው ግርጌው ላይ ነው።

አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ ቀኑን ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። ገበሬው ከእኔ በፊት ተጠርተው ወጡ፤ ወዴት እንደተወሰዱ የምታውቁ ጻፉልኝ። የረሳሁት ካለ ጨምሩበት። ያልነበረ ሰው ስም ግን አታስገቡ።