ከእናቴ ጋር ፍል ውሃ ፍለጋ እስከ ጃፓን

ማክሰኞ ንጋት፣ ቴንስታ፣ ስቶክሆልም

ገና ሳይነጋ ነው ከቤት የወጣነው። ከሕንፃዎቹ መስኮት አልፎ አልፎ መብራት ይታያል። ለጽዳት ሥራ የሚወጡና ታክሲ የሚነዱ ሰዎች ናቸው። እናቴ ካፖርቷ ላይ ነጠላ ደርባ፣ ጉልበቷን እያሻሸች ወደ ቱነልባናው፣ ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ትወርዳለች።

"ለውሃ ብሎ ጃፓን ድረስ የሚሄድ ጤነኛ ነው?"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ የፈለግሽው?"

"እኔ ዝንጀሮዎቹን ነው ያየሁት።"

እውነቷን ነው። ባለፈው ክረምት በቴሌቪዥን የጃፓን ዝንጀሮዎች በረዶ መሐል ፍል ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈው አየችና፣ "ዝንጀሮ ያገኘውን እኔ ስቶክሆልም ላይ አጣሁ!" አለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከአፏ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልድ ነበር። አዲስ አበባ ሳለን ሁለቱ እኛን ልጆቹን አስከትለው ቅዳሜ ቅዳሜ ፍል ውሃ አይቀሩም ነበር፤ እኛ በአንድ ክፍል፣ እነሱ በሌላ። ከቀብሩ በኋላ ግን ስለ እሱ ትንፍሽ አላለችም፤ ስሙን ስናነሳ ተነስታ ወደ ማድቤት ትሄዳለች። በአረጋውያን ቤት ትርፍ ሰዓት እየሠራሁ ያጠራቀምኩትን ይዤ የተነሳሁት ለጉልበቷ ብቻ አይደለም። ምናልባት ውሃው አፏን ይፈታልኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ረቡዕ፣ ወደ ተራራው

ከቶኪዮ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ቅጠሉ የሚረግፍበት ወቅት ስለሆነ ተራራው ቀይና ቢጫ ነው። ነጭ ጓንት ያጠለቀው ሹፌር በለሆሳስ አንድ ነገር ይላል።

"ይሄ ሰውዬ ብቻውን ነው የሚያወራው?"

"ማቆሚያውን እየጠራ ነው እማዬ።"

"የእኛ ወያላ እንዲህ ቢለሰልስ ማን ይሳፈርለት ነበር!"

ከተማዋ አንድ ጠባብ መንገድና የእንጨት ቤቶች ናት። ከየቦዩ እንፋሎት ይነሳል። አንዲት ባልቴት በመረብ የተቋጠረ እንቁላል ፍል ውሃው ውስጥ ቀቅለው ይሸጣሉ፤ ገዛንና ቆመን በላን፣ አስኳሉ ገና ለስላሳ ነው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና እንፋሎቱን ሳበች። እኔም ልጅነቴ መጣብኝ፦ እርጥብ ፀጉር፣ ቅዝቃዜ፣ በብርቱካን የተጣበቀ እጅ።

"ከፍል ውሃ ስንወጣ አባዬ ብርቱካን ሲገዛልን ትዝ ይልሻል?" አልኳት።

በዚያ ጉልበቷ እርምጃዋን አፈጠነች፤ ምነው ባልጠየቅኩ ብዬ ተከተልኳት።

ሐሙስ ጠዋት፣ እንግዳ ማረፊያው

የማረፊያው ባለቤት በእናቴ ዕድሜ ያሉ አጭር ሴት ናቸው። ሩዝ፣ ዓሣና ሾርባ በትንንሽ ሳህን ደርድረው አቀረቡ። እናቴ አልነካችውም።

"በልቼ ወደ ጠበል ልገባ?"

"ፍል ውሃ እንጂ ጠበል አይደለም እኮ።"

"ከመሬት ፈልቆ ሰው የሚፈውስ ምንድን ነው ታዲያ?"

ይባስ ብላ ከሻንጣዋ የጠበል ቀሚሷን አወጣች፤ ነጭ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ። እሱን ለብሳ መታጠቢያው በር ላይ ስንደርስ የማረፊያው ባለቤት ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቅለው፣ ጎንበስ እያሉ ፈገግ እያሉ ከለከሏት።

"ምን አጠፋሁ?"

"በልብስ አይገባም እማዬ። ሁሉም ሴቶች ናቸው፣ ራቁታቸውን ነው የሚገቡት።"

በበሩ አጮልቃ አየች። የእሷ እኩዮች አናታቸው ላይ ትንሽ ፎጣ ጣል አድርገው፣ ውሃው ውስጥ ወሬያቸውን ይዘዋል።

"በዚህ ዕድሜዬ ገላዬን ለባዕድ? አላደርገውም!" አለችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። "በቃ፣ አየሁት። እንመለስ።"

ያን ሁሉ አገር አቋርጠን መጥተን! እንባዬ መጣ። የማረፊያው ባለቤት ሁለታችንንም አየት አድርገው ሄዱና ቁልፍ ይዘው ተመለሱ። በኮሪደሩ ወስደው አንዲት ትንሽ ክፍል ከፈቱልን። የእንጨት ገንዳ፣ ዝቅ ያለች በርጩማ፣ መስኮቱ ላይ ቀይ ቅጠል። ሰዓታቸውን አሳይተው ለአንድ ሰዓት የእኛ ብቻ እንደሆነ በምልክት ነገሩን።

እናቴ ሳቀች። "የቤተሰብ ክፍል፣ ልክ እንደ አዲስ አበባው ፍል ውሃ! ሰዓቱ ሲሞላ በሩን ይደበድባሉ ወይ በያቸው እስቲ እትዬን!"

ቀሚሷን ሰቀለች። ታጥበን ገባን። "እሰይ፣ እሰይ" አለችና እስከ አንገቷ ተዘፈዘፈች። ብዙ ቆየን። ከዚያ ወጥታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና ፎጣዋን ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ።

"ጀርባዬን እሺልኝ።"

የእናቴን ጀርባ አይቼ አላውቅም። ሳስቼ ቀስ ብዬ ማሸት ጀመርኩ።

"በርታ በይ! አባትሽ ቆዳዬን ሊልጡት ነበር የሚደርሱት።"

እጄ ቀጥ አለ። ፊቷን ወደ እኔ ስትመልስ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

"ጀርባዬን አሽተው ሲጨርሱ 'ዞር በይ' ሲሉኝ እንዴት እንደማፍር! ስንት ልጅ ወልጄላቸው እንኳን አፍር ነበር። አሁን ማን ዞር በይ ይለኛል?"

ፎጣውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ጨመቅኩት።

"ዞር በይ፣ እማዬ" አልኳት።

ዞረችልኝ።